የማንም ያልሆነው ሰንበሌጥ

አይሞላ የምትባል ደሴት ነበረች። ባሕሩ በየክረምቱ ሊውጣት ይነሣል፤ ከወገቧ በላይ ግን ደርሶባት አያውቅም፤ ስሟም ከዚያ መጣ ይላሉ። በምሥራቋ ቀይ ድንጋይ የተከመረበት ተራራ አለ፤ የአንበሶች ከተማ ድንጋይ ራስ እዚያ ናት። በምዕራቧ መሬቱን ጎርፍ ቦርቡሮታል፤ በዚያ ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ የጅቦች ከተማ ጉድባ ተሰግስጋለች። በሰሜን አንገት እስኪያም ቀና ተብሎ የሚታይ ገደል አለ፤ የዝንጀሮዎች ከተማ ሰገነት እዚያ ላይ ተንጠልጥላለች። ሣር በላው ሕዝብ፣ ድኩላው፣ ሚዳቋው፣ ከርከሮው፣ ከተማ የለውም። በምሥራቅ ከዋለ ለአንበሳ ይገብራል፤ በምዕራብ ከዋለ ለጅብ ይገብራል። የሚገብረው ያው ራሱን ነው።

የአንበሶቹ ጌታ ደምሰው ይባላል። ጅቦች ወንድ አይሾሙምና ጉድባን የምትገዛው እሜቴ አዛለች ናት። ሁለቱ ቤቶች ከቅድመ አያት የወረደ ደም አለባቸው። አንበሶቹ ግራር ላይ እየሸኑ፣ ጅቦቹ ከጅራታቸው ሥር የሚወጣውን ግም ቅባት ሣር ላይ እያሹ ድንበራቸውን ያሰምራሉ። በሁለቱ ሽታ መካከል ግን አንድ ቀጭን መሬት ቀርቷል፤ ሰንበሌጥ የበቀለበት፣ የማንም ያልሆነ። አንበሳ እያባረረ እዚያ ቢገባ ጅቦች ይከቡታል። ጅብ ቢገባ አንበሶች ወገቡን ይሰብሩታል። ስለዚህ አዳኝ ሁሉ ሰንበሌጡ ጫፍ ሲደርስ ቆም ይላል፣ ያሸታል፣ እየረገመ ይመለሳል። ይህን በሸንጎ የተናገረው የለም። እናት ለልጇ ምጥ ሲደርስ በጆሮዋ የምትነግራት ነገር ነው።

ለሚዳቋዋ ለአንጓች ይህን የነገራት አልነበረም፤ እናቷ ቀድማ ተበልታለች። የመጀመሪያ ልጇን በምሥራቅ ወለደች፤ ደቦሎች አደን ተማሩበት፤ ሳይሞት ነበር ከሆዱ የጀመሩት። ሁለተኛዋን በምዕራብ ወለደች፤ ጅቦቹ እንግዴ ልጁ ሳይወርድ ደረሱና ልጅቱንም እንግዴ ልጁንም አብረው ዋጡ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይመክራት፣ ምጧን ይዛ እየተንፏቀቀች ሰንበሌጡ ውስጥ ገባችና ቢራራን ወለደች። ቢራራ አሁን ቀንድ ሊያወጣ ግንባሩን ያሳክከዋል፤ ያገኘው ግንድ ላይ ሁሉ ሲያሽ ይውላል። እሷ ደግሞ ሲያሽ እያየች ትውላለች፤ ሌላ ሥራ ያላት አይመስልም።

አንድ ጠዋት የደምሰው አንበሶች አንዲት ጎሽ እያባረሩ መጥተው ሰንበሌጡ ጫፍ ላይ ጣሏት። ጩኸቷን የሰሙት ጅቦች ከማዶ ጎረፉ። ጎሿ ገና ትተነፍሳለች፤ አንበሳው በጉሮሮዋ፣ ጅቡ በእግሯ ይዘው ወዲህና ወዲያ ጎተቷት፤ አንጀቷ በሣሩ ላይ እንደ ገመድ ተዘረጋ። ከዚያ እሷን ትተው እርስ በርስ ተያያዙ። የአንዱ ጅብ አገጭ ተገንጥሎ በቆዳ ብቻ ተንጠለጠለ። የአንዱ አንበሳ የፊት እግር ቀጭ ብሎ ሲሰበር ሰንበሌጡ ውስጥ ድረስ ተሰማ።

አንጓች ቢራራን ከሆዷ ሥር አድርጋ ተኝታ ነበር። ከጎኗ ከርከሮዋ እትዬ ድንቄ ከልጆቿ ጋር ጭቃ ለብሳ ተጋድማለች።

«ይባሉ፤» አለች ድንቄ በሹክሹክታ። «ሲባሉ ቁርስ ይረሳሉ።»

«ዝም በይ እትዬ ድንቄ፣ ይሰሙናል።»

«ማን ይሰማል? ያንን አየሽው፣ ጆሮው በጠላቱ አፍ ውስጥ ሆኖ ነው የሚታገለው።»

ይህም ሆኖ ሰንበሌጡ ገነት አልነበረም። በዚያው ጠብ መሀል የድኩላው የአባ ሽብሩ ትንሽ ልጅ በተኛችበት ተረገጠች። ጠቡ ሲበርድ አባቷ መጥቶ ሲያያት ከሣሩ ጋር ተለውሳ ነበር። ቀንዱን መሬት ውስጥ ሰክቶ እስከ ቀትር አልተነሣም።

ሰገነት ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ ያየው የዝንጀሮዎቹ ሽማግሌ አለቃ ዳምጤ በማግስቱ ሸንጎ ጠራ። ሣር በላው ሁሉ ከገደሉ ሥር፣ ከሾላው ጥላ ተሰበሰበ። አለቃ ዳምጤ ከበላያቸው ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በዚያ ሸንጎ እግሩን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚናገር እሱ ብቻ ነበር፤ ሌላው አንድ ጆሮውን ሁልጊዜ ወደ ኋላ ያዞራል።

«ወገኖቼ፣» አለ፤ «የደሴታችን በሽታ አንድ ነው፤ እሱም ጠብ ነው። ሁለቱ ታላላቆች ቢታረቁ ድንበር አይኖርም፤ ድንበር ከሌለ ጦርነት የለም፤ ጦርነት ከሌለ የሚረገጥ ሕፃን የለም። ወርደን እናስታርቃቸው።»

አባ ሽብሩ ተነሣ። «እኔ ንግግር አልችልም፤» አለ። «ልጄን ከመሬት ፍቄ ነው ያነሣኋት። ሌላ ሰው ልጁን እንዲህ እንዳያነሣ እኔ እሄዳለሁ። ቢበሉኝም ይብሉኝ።»

ሸንጎው አለቀሰ። ቀንድ ያለው ቀንዱን አጋጨ፣ ቀንድ የሌለው መሬት ደበደበ። አንጓችም አለቀሰች፤ ልጅቱ የቢራራ እኩያ ነበረች። ነገር ግን ዕርቁ አልተዋጠላትም። በሸንጎ ተናግራ አታውቅም። ድንቄ በአፍንጫዋ ገፋ አደረገቻት።

«አባ ሽብሩ፣ እግዜር ያጥናዎት፤» አለች ድምፅዋ እየሰለለ። «እኔ የማውቀው ትንሽ ነው። በምሥራቅ ወለድኩ፣ ተበላብኝ። በምዕራብ ወለድኩ፣ ተበላብኝ። ይሄኛው ያደገልኝ መሀል ላይ ነው። መሀል የሚባል ነገር ያለው እነሱ ስለተጣሉ ነው። ከታረቁ... መሀሉ የማን ይሆናል?»

አንድ ወጠምሻ ድኩላ ሳቀ።

«ሰማችሁ? ይጣሉልኝ ነው የምትለው!»

«ልጅ ከሞተበት አባት ፊት!» አለች አንዲት ሌላ።

«ምን ታድርግ፣ የእሷ አለላታ!»

አለቃ ዳምጤ እጁን አነሣ። «ተዉአት፤» አለ በርኅራኄ፤ «የፈራ አፍ ነው። ሰላም ያላየ ሰላምን ይፈራል። ግን አንቺ ልጄ፣ ደም የለመደ ዓይን እንዳይሆንብሽ።»

«እርስዎስ አለቃ፣» አለች ድንቄ ከጭቃዋ ሳትነሣ፤ «አብረው ይወርዳሉ?»

«እኔማ እግሬን አሞኛል። በጸሎት አብሬያችሁ ነኝ።»

አባ ሽብሩና አብረውት የተነሡት ሽማግሌዎች ሄዱ፤ ለፉም። አባ ሽብሩ ድንጋይ ራስ ደጅ ሲቆም ማንም አልነካውም፤ ጉድባ ሲወርድም ማንም አልነካው። ይህ ራሱ ተአምር ተብሎ ተወራ። በመጨረሻ ደምሰውና አዛለች ሠራዊታቸውን ይዘው ሰንበሌጡ ውስጥ ተገናኙ። ደምሰው የጅቦቹን ቅባት በጋማው አሸው። አዛለች ከአንበሶቹ ግራር ሥር ሸናች። ከዚያ ሁለቱም ሣሩ ላይ እየተንከባለሉ የድንበሩን ሽታ አጠፉት። ሣር በላው እልል አለ።

«አስታራቂ የክብር ቦታው መሀል ነው፤» አለ ደምሰው። አባ ሽብሩንና ጓደኞቹን መሀል አቆሟቸው። አንበሳና ጅብ ዙሪያቸውን ተቀመጠ።

«ጌታው፣» አለች አዛለች፤ «ዕርቅ ያለ ድግስ ይጸናል ወይ?»

«የት ይጸናል!»

«እንግዲያው እኛ ከምዕራብ እንነዳለን፤ እናንተ ከምሥራቅ ጠብቁ። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ለሁላችንም ይበቃል።»

አባ ሽብሩ ይህን ሲሰማ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። አንድ ቃል ጀምሮ ነበር፤ ቃሉ ከነጉሮሮው ተወሰደ። ጓደኞቹም ከቆሙበት ሳይንቀሳቀሱ ተበሉ፤ መሀል ላይ የቆመ በየት ይሄዳል?

ከዚያ ሰንበሌጡ በሙሉ ጮኸ። ጅቦቹ በአንድ መስመር ተሰልፈው እየሳቁ ነዱ። ከፊታቸው የሚሮጠው ሁሉ ወደ አንበሳ አፍ ሮጠ። ያረገዘች ድኩላ በሩጫ ላይ እያለች ሆዷ ተቀደደ፤ ፅንሱ ወደቀና እሷ ለትንሽ ጊዜ መሮጧን ቀጠለች። ከድንቄ ልጆች ሁለቱ በአንድ አፍ ተያዙ። በጥጋብ ብዛት የገደሉትን እየጣሉ ሌላ ገደሉ። በዚያ ቀን የሞተውን ሁሉ የሚበላ ሆድ በደሴቲቱ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ከሣሩ ውስጥ ሆና ያየችው አንጓች የቢራራን ጆሮ ላሰችው። «ተኛ። ምንም ቢመጣ አትነሣ። እኔ ብጮህም አትነሣ።» ከዚያ ዘለለች።

ከፊቷ የነበረው የደምሰው ልጅ ጎበዜ ነበር፤ ጋማው ገና ያላጎነቆለ ወጣት። አፍንጫው ወደ ቢራራ ሊዞር ሲል የተጎዳች መስላ በአንድ እግሯ አነከሰች። ማንከሷን አየና ተከተላት። ወደ ምሥራቅ አልሮጠችም፤ እዚያ አባቱ አለ። ወደ ምዕራብ፣ ነጂዎቹ ትተውት ወደመጡት ወደ ባዶው መንገድ ዞረች። ድሮ ቢሆን እሱ ድንበሩ ላይ ቆም ብሎ ያሸት ነበር። አሁን የሚሸት ድንበር የለም። ትንፋሹ ጭኗን እያሞቃት፣ ጥፍሩ አንዴ ታፋዋን ሰንጥቆ እያደማት፣ እያነከሰች፣ እየዘለለች ጉድባ ውስጥ ይዛው ገባች።

የጉድባ ሠራዊት አደን ላይ ነው። በየጉድጓዱ የቀሩት አራሶች ናቸው። አንጓች ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ዘለለቻቸው። ጎበዜ ግን ከባድ ነበር፤ የአንዱ ጣሪያ ተደርምሶ እስከ ደረቱ ገባ። ከእግሩ ሥር የጅብ ግልገሎች ጮሁ። ከየጉድጓዱ እናቶቻቸው ወጡ።

«ወዳጅ ነኝ!» አለ ጎበዜ። «ታርቀናል እኮ! አልሰማችሁም?»

«እኔስ ሰምቻለሁ፤» አለች ከፊት የነበረችው አራስ፤ «ለተረገጠው ልጄ ማን ነገረው?» ፊቱን ከዓይኑ እስከ አፉ ገነጠለችው። ሌሎቹ ከኋላው ጀመሩ። ብዙ ቆየ። ትንፋሹ ሲያልቅበት የእናቱን ስም ነበር የሚጠራው። አንጓች ከቁጥቋጦ ሥር ሆና እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ጆሮዋን ልታጥፍ አልቻለችም።

ወሬው ድግሱ ላይ ሲደርስ ደምሰውና አዛለች አንድ ጎድን ለሁለት ይዘው ነበር። በዚያው በሬሳው ላይ ተያያዙ። ከምሽቱ በፊት ግራሩ እንደገና ተሸናበት፤ አዲስ ቅባት በሣሩ ላይ ታሸ። አንጓች ታፋዋን እየጎተተች ስትመለስ ቢራራ እንደተኛ አገኘችው። ጉንዳን ዓይኑን ወርሮታል፤ አልተነሣም ነበር።

ዝናብ መጣ፣ ደሙን አጠበ፤ ሰንበሌጡ ከበፊቱ ይልቅ አማረበት። አለቃ ዳምጤ ሸንጎ ጠራ።

«ሽማግሌዎቻችንን የገደላቸው ሰላም አይደለም፤» አለ። «ሰላሙን ያፈረሰ ነው። በዚያ የተባረከ ቀን አንድ ክፉ ልብ ጎበዜን አሳስቶ ጉድባ አስገባው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።»

ነገሩ በዚህ ቅደም ተከተል አልነበረም። ነገር ግን የአባ ሽብሩን አሟሟት ከቅርብ ያዩት አብረውት ተበልተዋል፤ ከተረፉትም የአብዛኞቹ ፊት በዚያን ሰዓት መሬት ላይ ነበር። ሸንጎው ራሱን ነቀነቀ። ከምሥራቅ በኩል የጎበዜ እናት ታገሳለች፤ ካለፈው ወር ጀምሮ አልተወችም። አንጓች ያንን ድምፅ ታውቀዋለች፤ በትንሽ ጉሮሮ ሁለት ጊዜ አውጥታዋለች።

«ያየ ካለ ይናገር፤» አለ አለቃ ዳምጤ።

ድንቄ የቀረችላትን አንዲት ልጅ ታጠባለች። አንጓችን አየቻት፤ ታፋዋ ላይ ያለውን ጠባሳ አየች፤ ዓይኗን መልሳ ወደ ልጅቱ አዞረች። አንጓች ጎበዜን አስከትላ ስትሮጥ ያዩ ሌሎች እናቶችም ነበሩ። ማንም አልተናገረም።

«እንግዲያው እንደገና እንጀምር። ማን ይወርዳል?»

«እኔ።» የአባ ሽብሩ የበኩር ልጅ አድማሱ ነበር፤ ቀንዱ ገና የጠነከረለት። «አባቴ የጀመረውን እኔ እጨርሳለሁ።» ሸንጎው እንዳለፈው ጊዜ አለቀሰ፤ ቀንድ አጋጨ።

ለዕርቅ የሚሄድን በየተራ እናቶች ይመርቁታል። አድማሱ አንዷን እያለፈ ወደ አንዷ እየሄደ አንጓች ዘንድ ደረሰ፤ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ አንጓች፣ መርቂኝ።»

ብትነግረው የአባቱን አሟሟት ትነግረዋለች፤ ያንን ስትነግረው የት ሆና እንዳየች፣ ከዚያስ ወዴት እንደሮጠች ትነግረዋለች። አለቃ ዳምጤ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ወደዚህ ያያል። ቢራራ ከጎኗ ቆሞ አዲሱን ቀንዱን በትከሻዋ ላይ ያሻል።

«የክብር ቦታ ቢሰጡህ፣» አለችው በጆሮው፤ «ዳር ቁም።»

አድማሱ ሳቀ፤ ደስ የሚል ልጅ ነበር። «የአስታራቂ ቦታ መሀል አይደል እንዴ? ምርቃቱን ስጪኝ እንጂ።»

ጆሮውን ላሰችው። 

«ረጅም ሣር አይጥፋብህ፤» አለች።

«አሜን፤» አለና ሣሩ ወደሚያጥርበት ወደ ምሥራቅ ወረደ።