ምስጋና የተከለከለበት ወር

በሾላ ውሃ መንደር ትልቅ ትንሹ አፉ ላይ የሚያዘወትራት አንዲት አባባል አለች። እኔ መጀመሪያ የሰማኋት በራሴ ላይ ስትወረወር ነው። በመምህርነት ተመድቤ በሄድኩ በሁለተኛው ሳምንት ከጎረቤቴ ጃንጥላ ተውሼ ነበር። ስመልስ ግድግዳው ላይ አስደግፌው ዘወር ስል፣ ሴትዮዋ ያቺን አባባል ከኋላዬ ላኩብኝ። ትርጉሟ ወዲያው ገባኝና አፈርኩ። ከየት መጣች ብዬ ስጠይቅ ግን፣ "እሱን እንኳ ባለታሪኩን ጠይቅ" ብለው አቶ ድልነሳው ቤት ላኩኝ።

አቶ ድልነሳው ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው አልተቆጡም። "ሌላው ሰው አሳምሮ ከሚነግርህ እኔው አበላሽቼ ልንገርህ" አሉና ከአትክልታቸው ዳር በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ።

ነገሩ የሆነው እሳቸው የሾላ ውሃ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር በነበሩበት ዘመን ነው። ለሥራቸው የሞቱ ሰው ነበሩ። ጠዋት ከሁሉም ቀድመው ይገባሉ፣ ማታ ከሁሉም ኋላ ይወጣሉ። መኪና የሚመጣው በገበያ ቀን ብቻ ስለነበር፣ ጠመኔ ሲያልቅ ሦስት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው ከወረዳው ከተማ ያመጣሉ። አንድ ነገር ብቻ ከአፋቸው አይወጣም፤ ምስጋና። ክፋት ኖሮባቸው አይደለም። ሰው በተመሰገነ ቁጥር ጥፍር ታህል ይሰንፋል የሚል እምነት ነበራቸው። የባለቤታቸውን የወይዘሮ በላይነሽን ወጥ በጣም የወደዱት ቀን፣ "ዛሬ ጨው አልበዛም" ይላሉ። ወይዘሮ በላይነሽም ይህን የሰሙ ቀን ለጎረቤት ያወሩ ነበር ይባላል።

በጥቅምት ወር የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ እንድሪስ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። እሳቸው ተነሱና ሁለት ሰዎች እንዲመሰገኑ ጠየቁ። አንዱ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ይመር ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ማንም ሳያዘው ሃያ ሦስት የተሰበረ ወንበር ጠግኗል። ሁለተኛዋ የአንደኛ ክፍሏ መምህርት ጥሩወርቅ ናት፤ የምሳ ሰዓቷን እየሠዋች ንባብ ያቃታቸውን ሰባት ልጆች ዛፍ ሥር ታስነብባለች። ሁለቱም እዚያው ስብሰባው ላይ ተቀምጠዋል።

አቶ ድልነሳው ተነሥተው፣ መምህርት ለማስተማር እንደተቀጠረች፣ ይመርም ወንበሩን የጠገነው ወድዶ እንደሆነ፣ ወድዶ ለሠራ ሰው ደግሞ ምስጋና ትርፍ እንደሆነ አስረዱ። ቀጥለውም የአባታቸውን ምሳሌ አመጡ። "አባቴ አርባ ዓመት አርሷል። በሬን ማን ያመሰግናል?"

"እኔ አመሰግናለሁ" አሉ አቶ እንድሪስ። "ሳርስ ስማቸውን እየጠራሁ አወድሳቸዋለሁ። ዝም ካልኳቸው እኮ ትልሙ መሃል ላይ ቆመው ዞረው ያዩኛል።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አቶ ድልነሳው ሲሳቅባቸው አይወዱም፤ ፊታቸው ቀላ። እዚያው በቆሙበት ውርርድ አቀረቡ። ከኅዳር አንድ ጀምሮ ለአንድ ወር በግቢው ውስጥ ማንም ማንንም እንዳያመሰግን። ሥራው ካልቀነሰ ኮሚቴው ዳግመኛ ምስጋና የሚል ቃል አያነሣባቸውም። ከቀነሰ ደግሞ እሳቸው ሰልፍ ፊት ቆመው እያንዳንዱን ሠራተኛ በስሙ ያመሰግናሉ። አቶ እንድሪስ ተስማሙ። መምህርት ጥሩወርቅ ይህ ሁሉ ሲባል አንገቷን ደፍታ ጫማዋን ታይ ነበር። አቶ ድልነሳው አይተዋታል፤ ግን ጫማዋ ጠቧት ነው ብለው አለፉት።

ኅዳር አንድ ቀን እገዳው ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የጨዋታ ያህል ነበሩ። እርሳስ የተዋሰ ልጅ "እግዜር ይስ" ብሎ ሲደርስ አፉን በሁለት እጁ ያፍናል። ጠመኔ የተቀበለች መምህርት ራሷን ነቅነቅ ብታደርግ፣ አንገትም ቢሆን ይናገራል ተብሎ ተከለከለ። ከዚያ ያነጠሰ ሰው ጉዳይ መጣ። አቶ ድልነሳው ግማሽ ቀን አስበው፣ "ይማርህ" ማለት እንደሚቻል፣ "ያኑርህ" ብሎ መመለስ ግን ምስጋና በመሆኑ እንደማይቻል ወሰኑ። ስለዚህ በዚያ ወር በሾላ ውሃ ትምህርት ቤት ያነጠሰ ሰው ምርቃቱን ተቀብሎ ዝም ይል ነበር።

ፈጣሪን ማመስገን ግን ማን ይከለክላል? ልጆቹ ይህን ሲያውቁ ቀዳዳዋን አገኟት። አንዱ መምህርት ጥሩወርቅን ትኩር ብሎ እያየ ጮክ ብሎ "እሷን የሰጠን አምላክ የተመሰገነ ይሁን" ይላል። ክፍሉም ይከተለዋል። ዳይሬክተሩ በማግስቱ፣ ፈጣሪን የሚያመሰግን ሰው ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን እንዳያይ አዘዙ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው አበቃና እውነተኛው ዝምታ ጀመረ።

በሁለተኛው ሳምንት የሁለተኛ ክፍል በር ከማጠፊያው ተነቅሎ ወደቀ። ይመር ቢሮ ድረስ መጥቶ ሪፖርት አደረገና ተመለሰ። በነጋታው በሩ እዚያው ወድቋል፤ ይመር ደግሞ አጠገቡ ተቀምጧል።

"ለምን አትጠግነውም?" አሉት አቶ ድልነሳው።

"ጥበቃ ነኝ ጌታዬ፤ እየጠበቅኩት ነው" አለ።

በቁጣ አልነበረም የተናገረው። የተቀጠረበትን ሥራ ብቻ ነበር የሚሠራው። ሌሎቹም እንደዚያው ሆኑ። ደወል ሲደወል ይገባሉ፣ ደወል ሲደወል ይወጣሉ። ዛፉ ሥር ይነበብ የነበረው ንባብም ቀረ። ዳይሬክተሩ መምህርት ጥሩወርቅን ቢጠይቋት፣ ነገሩ እሷንም እንደገረማት ሆና መለሰች። ፊት ልጆቹ አንብበው ሲጨርሱ አንድ በአንድ "እግዜር ይስጥልን" ብለዋት ሲሄዱ፣ ምሳ አለመብላቷ ትዝም አይላት ነበር። አሁን ግን በምሳ ሰዓት ረሃቡ ይታወቃት ጀመር።

አቶ ድልነሳው አላመኑም። እኔን ለማሸነፍ የተዶለተ ነው አሉ። አቶ እንድሪስ በየሳምንቱ ረቡዕ ብቅ እያሉ የወደቀውን በር አይተው፣ ምንም ሳይናገሩ ዱላቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር። ይህ ዝምታ ከንግግር ይልቅ ዳይሬክተሩን ያበሽቃቸው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አዳዲስ መጻሕፍት ወረዳ መድረሳቸው ተሰማ። ተማሪዎቹ አንዱን መጽሐፍ ለስድስት ሲጠቀሙ ነው የከረሙት። አቶ ድልነሳው የገበያ ቀን እስኪደርስ መጠበቅ አልሆነላቸውም። አህያ ተውሰው ሄዱ። መጻሕፍቱን ተረከቡ፤ በዚያው ላይ የወረዳው ጸሐፊ አንድ ፖስታ ጨመሩላቸው። መንገድ ላይ ከፍተው ቢያዩት የመምህርት ጥሩወርቅ የዝውውር ፈቃድ ነው። ወደ ሌላ ከተማ እንድትዛወር ያመለከተችው በጥቅምት ነበር። የማመልከቻው ቀን የወላጆች ስብሰባ በተደረገ ማግስት መሆኑን ልብ አሉ፤ ግን ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ያላሰቡት የኅዳር ዝናብ መንገድ ላይ ያዛቸው። ኮታቸውን አውልቀው መጻሕፍቱን አለበሱ። ግቢው ሲደርሱ እሳቸው ከአናታቸው እስከ ጫማቸው ርሰዋል፤ ከመጻሕፍቱ አንዱንም ጠብታ አልነካውም። መምህራኑም ተማሪዎቹም ወጥተው ተቀበሏቸው። ሸክሙን ፈቱ፣ ቆጥረው ወደ ክፍል አስገቡ፣ ደስታቸውም ከዓይናቸው ይታይ ነበር። ግን ሁሉም ከንፈሩን ገጥሟል። አንዲት ልጅ መጽሐፏን ደረቷ ላይ አቅፋ አፏን ከፈተች፤ ደንቡ ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችውና ወደ ክፍሏ ሮጠች።

"በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ" አሉኝ አቶ ድልነሳው። "የረሳሁት ዕቃ ያለ ይመስል ኪሴን ዳበስኩ። ምን እንደምጠብቅ ራሴም አላወቅሁትም።"

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ በላይነሽ ደረቅ ልብስ አቀረቡላቸው። ልጆቹ ደስ አላቸው ወይ ብለው ቢጠይቋቸው፣ "ተቀበሉ" ብቻ አሉ። ልብሱን ለብሰው ጥቂት ሲሞቃቸው፣ ሳያስቡት "እግዜር ይስጥልኝ" የምትል ቃል ከአፋቸው ወጣች። ሃያ ዓመት አብረዋቸው የኖሩት ሚስታቸው ደንግጠው፣ ትኩሳት ይዞዎት እንደሆነ ብለው ግንባራቸውን ዳበሱ።

ከዚያ ቀን በኋላ እግራቸው ከበዳቸው። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰልፍ ካለቀ በኋላ ደረሱ። ጠመኔ አልቋል ሲሏቸው፣ "መኪና ሲመጣ ይመጣል" አሉ። ይህን ብለው ወንበራቸው ላይ ተደግፈው ሳሉ፣ የገዛ ድምፃቸው የይመርን መልስ መስሎ ተሰማቸው። ማን ዶለተባቸው? ማንም። ሥራቸውን የቀነሱት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

ወሩ ሲያልቅ አቶ እንድሪስ ለክርክር ተዘጋጅተው መጡ። ስለ በሩና ስለ ንባቡ ሊናገሩ ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ዳይሬክተሩ ቀደሟቸው።

"ጋሽ እንድሪስ፣ ይመርን ይተዉት። እኔን ይዩኝ። ጎበዝ በሬ ነበርኩ፤ ትልሙ መሃል ላይ ቆሜያለሁ።"

አዛውንቱ አልሳቁባቸውም። ውርርዱ የሚከፈለው በማግስቱ በሰልፍ ሰዓት እንዲሆን ብቻ ተስማሙ። ማግስቱ ማክሰኞ፣ የገበያ ቀን ነበር፤ የዝውውር ደብዳቤዋን ተቀብላ ጓዟን የሸከፈችውን መምህርት ጥሩወርቅን የምትወስደው መኪናም በዚያው ጠዋት ከበሩ ውጭ ቆማ ነበር።

አቶ ድልነሳው ሰልፉ ፊት ወጡ። በወረቀት ጽፈው የያዙት ንግግር ነበራቸው፤ ግን አላነበቡትም። ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱትና ከይመር ጀመሩ።

"ጋሽ ይመር" አሉ። በስሙ ላይ ጋሽ የምትለዋ ስትጨመር ተማሪው ሁሉ ዞሮ አየ። "ሃያ ሦስት ወንበር ጠግነዋል። አንዱ የኔ ነው። ከዚያ በፊት በቀን ሁለት ጊዜ ይጥለኝ ነበር፤ ለሰው አልተናገርኩም። እግዜር ይስጥልኝ።"

 ጋሽ ይመር ቀስ ብሎ ከሰልፉ ወጣና መዶሻውን ይዞ ተመለሰ። ዳይሬክተሩ ቀጣዮቹን መምህራን በየስማቸው ሲያመሰግኑ የሁለተኛ ክፍል በር ሲመታ ይሰማ ነበር፤ አንዳንዱን ስም መዶሻው ስለዋጠው ደግመው መጥራት ግድ ሆነባቸው። አምስተኛው ሰው ላይ ሲደርሱ ምስጋናው ሳይደናቀፍ ይወጣላቸው ጀመር። "ያን ቀን ከተመሰገኑት ይልቅ ቀለል ያለው እኔን ነው" ብለውኛል።

መጨረሻ ላይ መምህርት ጥሩወርቅ ቀረች። ሻንጣዋ እግሯ ሥር ነው።

"መምህርት፣ አንቺ ሳትመጪ ሦስተኛ ክፍል ደርሰው ስማቸውን መጻፍ የማይችሉ ልጆች ነበሩን። ዛሬ አንድም የለም። አራት ዓመት ሙሉ በቢሮዬ መስኮት እያየሁሽ ሳመሰግንሽ ነው የኖርኩት።"

"የት ሆነው ነው ያመሰገኑኝ?" አለች ጥሩወርቅ ቀስ ብላ።

"በሆዴ።"

ልጆቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን እንባ ቀላቅሎ ነበር። "ጋሼ፣ ይህችን ቃል በጥቅምቱ ስብሰባ ላይ ብሰማት ኖሮ ያንን ማመልከቻ አልጽፍም ነበር" አለች። ከዚያም አመስግናቸው፣ ሰባቱን ልጆች አንድ በአንድ ስማ፣ መንገድ ወጣች። አቶ ድልነሳው ሻንጣዋን ማንም እንዲነካ አልፈቀዱም፤ ራሳቸው ተሸክመው መኪናው ላይ ጫኑላት። መኪናዋ አቧራዋን ጥላ ስትሄድ ከበሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

"በሆዴ ግን እውነት ነበር ጋሽ እንድሪስ" አሉ ዞር ሳይሉ። "አንድም ቀን ረስቻት አላውቅም።"

አቶ እንድሪስ አጠገባቸው ዱላቸውን ተመርኩዘው፣ አቧራው እስኪበተን ጠበቁና፣ "አምናለሁ ዳይሬክተር፤ ነገር ግን ሆድ ውስጥ የቀረ ምስጋና፣ ጎታ ውስጥ የቀረ ዘር ነው" አሉ።