ምንም አላውቅም ያለው ገበሬ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ጎርፍ መሬቱን ጠርጎ የወሰደበት። ሚስትና አራት ልጆች አሉት። እስከ መጪው መከር የሚያደርሳቸው እህል ስላልነበረው ሥራ ፍለጋ ወደ አንድ ባለጸጋ ደጅ ሄደ። ባለጸጋው ጎተራውን የሚጠብቅለት ሰው ይሻ ነበር። ከገበሬው በፊት የገባው ሰውዬ፣ የማያውቀው ነገር ቢኖር የሞቱን ቀን ብቻ መሆኑን ተናግሮ ወጥቷል።

«አንተስ ምን ታውቃለህ?» አለው ባለጸጋው።

ገበሬው መሬት መሬት አየ። ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ነው።

«እኔ ምን አውቃለሁ ጌታዬ፤ እንዲሁ ገበሬ ነኝ» አለ።

በልቡ ግን፣ በቃኝ ያለ እንግዳ «በሞቴ» እስኪሉት እንደሚጠብቅ፣ እሱም ደግመው እስኪጠይቁት ይጠብቅ ነበር። ባለጸጋው ደግሞ የነገሩትን የሚያምን ሰው ነው።

«እኔ የምፈልገው የሚያውቅ ሰው ነው፤ እግዜር ይስጥህ» ብሎ አሰናበተው።

ገበሬው ልጆቹን ምን እንደሚላቸው እያሰበ ሲወጣ፣ በጎተራው አጠገብ ሽታ አስቆመው። ሳይታወቀው ክዳኑን ገለጥ አድርጎ እጁን ማሽላው ውስጥ እስከ ክርኑ ከተተ።

«ኧረ ይሄ እህል ታሟል» አለ፤ ነውሩንም ረሳው። «ውስጡ ይግላል። ሳይደርቅ ነው የከተታችሁት። ዛሬውኑ ወጥቶ ካልተሰጣ የነቀዝ ነው።»

ባለጸጋው መጥቶ እጁን ከተተ። እውነትም ይግላል።

«ይሄን ማን አስተማረህ?»

«ይሄ ደግሞ ምን ትምህርት አለው? ከአባቴ ጎተራ ሥር ነው ያደግሁት። በድርቁ ዓመት የመንደሩን ዘር ያቆየሁት እኔ ነኝ፤ አንዲት ፍሬ አልነቀዘችም።»

ባለጸጋው ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ሌላስ የማታውቀው ምን አለ? በል ቁጭ ብለህ ንገረኝ።»

ገበሬውም ከልጅነቱ ጀምሮ እጁ የሠራውን ተናገረ። ሲናገር ራሱንም ገረመው። ወደ ቤቱ የተመለሰው የጎተራው ጠባቂ ሆኖ፣ የወር ቀለብ ተሸክሞ ነው።

ብርቅነሽ ልጄ፣ ትናንት ወረቀት ይዘሽ መጥተሽ «ጋሼ፣ ሆቴሉ ልምድሽን ጽፈሽ አምጪ ብሎኛል፤ ቤት ከመዋል በቀር ምን ሠርቻለሁና ልጻፍ?» አልሽኝ። ያ ገበሬ አንቺ ነሽ። የእድሩ ዕቃ ሰባት ዓመት በእጅሽ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ጠፋ ሲባል አልሰማሁም። ለሁለት መቶ ለቀስተኛ ንፍሮ የሚያደርሰው ማን ነው? የኛ ሰፈር ሴቶች ሲኳረፉስ ለማስታረቅ ማን ይጠራል?

እኔ ፊደል ብዙ አልቆጠርሁም፤ ይህን ግን ስጸልይም አስቤበታለሁ። እግዚአብሔር ያለሽን ስለሚያውቅ በፊቱ ዝም ብትዪ ያምርብሻል። የሆቴሉ ሰውዬ ግን አያውቅም፤ «በሞቴ» ብሎም አይለምንሽም። ያልሠራሽውን አትጨምሪ፤ የሠራሽውንም አትደብቂ። በይ ቁጭ በይ፤ እጅሽን የገዛ ጎተራሽ ውስጥ እስከ ክርንሽ ክተቺና ያገኘሽውን ጻፊ።