ያልቆሙት እጆች

የታመመ ሰው ቤት የምትገባው ልታጽናናው ነው ወይስ ሲዋሽ ልትይዘው? ሠራተኛዬ ታመምኩ እያለ ይቀራል፣ ምን ላድርገው ብለህ ጠይቀኸኛልና ቁጭ በልና ስማ።

አንድ ሰው ነበረ። ሸማኔዎች ቀጥሮ የሚያሠራ ባለጸጋ ነው። ከሸማኔዎቹ አንዱ ታምሞ ቀረ። የሰርግ ልብስ ታዞ ነበርና ባለጸጋው ተናደደ።

«ይሄ በሽታ ደግሞ የሰርግ ወር ጠብቆ ነው የሚነሣው?» አለ። ሸማኔዎቹ ሳቁለት።

ብርቱካን ይዞ በሽተኛው ቤት ሄደ። አፉ «እግዜር ይማርህ» ሲል ዓይኑ ጓዳውን ይፈትሻል። በሽተኛው ዓይኑን ጨፍኗል፤ የለበሰው ጋቢ ግን ይንቀሳቀሳል። ባለጸጋው ገለጠው። የሰውየው እጆች የሌለ መወርወሪያ ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውራሉ፣ ይቀበላሉ።

«ትኩሳቱ ነው ጌታዬ» አለች ሚስቱ። «እኔንም አያውቀኝም።»

«እጁ ደህና ነው እኮ! እዚህ ተኝቶ አየር ከሚሸምን እኔ ዘንድ ክር ይሸምን።»

«እባክዎ፣ ካነሡት ይሞትብኛል።»

አልሰማትም። አሸክሞ ወሰደውና ከመሸመኛው ጉድጓድ አስቀመጠው። እጆቹም ሠሩ። ጥለቱ ሳይዛነፍ ጨርቁ እየረዘመ ሄደ። ባለጸጋው «አላልኳችሁም?» እያለ ተንጎራደደ። አሁን ግን የሳቀለት የለም። ከበሽተኛው ጎን ያለው ሸማኔ ሥራውን አቁሟል።

«ጌታዬ፣ ይህ ሰው እኮ አይተነፍስም።»

ባለጸጋው ግንባሩን ነካው። ቀዝቅዟል። ክሩም አልቋል፤ መወርወሪያው ግን ባዶውን ይመላለሳል። እጆቹን ይዞ ሊያስቆማቸው ታገለ፣ አቃተው።

የበሽተኛው ሚስት እየሮጠች ደረሰች። ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክካ «በቃ፣ ና ቤታችን እንግባ» አለችው። ያን ጊዜ እጆቹ ቆሙ።

ባለጸጋው እግሯ ላይ ወደቀ። «ይቅር በይኝ፣ አላወቅሁም!»

«ነግሬህ ነበር» አለችው።

ልጄ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ሠራተኛዬን ቤቱ በር ላይ ቆሞ አየሁት፣ ስለዚህ ደህና ነው ብለኸኛል። ባለጸጋውም ደህና ነው ያለው እጆች ሲንቀሳቀሱ አይቶ ነው። መጠርጠርህን አልነቅፍም፤ ሥራህ ተጎድቷል። እንግዲያው ጥርጣሬህን ለራሱ ንገረው እንጂ አትሰልለው። ሐኪም ይየው፤ ሐኪሙ ያለውንም ተቀበል፣ ባይጥምህም። እስኪሻለው ሥራውን ሌላ ሰው ይያዝለት።

ይህን ሳታደርግ ቀርተህ በኋላ አላወቅሁም እያልክ ወደ እኔ እንዳትመጣ። ያቺ ሴት ይቅር አላለችውም። እኔም በተበደለው ሰው ፈንታ ማንንም ይቅር አልልም።