ኮቴ የማይገባበት ቁጥቋጦ

አንድ ጊዜ አያ አንበሶ የሚገዛውን ጫካ አባ ደርምስ የሚባል ጎሽ ከነወታደሮቹ ይጠብቅ ነበር። አባ ደርምስ የማይረግጠው ቦታ አልነበረም፤ ጅግሮች እንቁላላቸውን ከሚጥሉበት ቁጥቋጦ በቀር። «ከጠላት ይልቅ የጎሾቹ ኮቴ ፈጀን» ብለው ጅግሮቹ አቤት ስላሉ፣ አያ አንበሶ ጎሽ እንዳይገባበት ከልክሎ ነበር።

ይህን የሰማች ቀበሮ ሹልክ ብላ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች። ላባ ለብሳ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ አልፎ አልፎ አንድ እንቁላል ብቻ እየጠጣች ተቀመጠች። የእንቁላሉ ሽታ አያ ጅቦንም ጎትቶ አመጣው።

«እሜት ቀበሮ፣ ይህ ሁሉ ድግስ ለብቻሽ?»

«ቀስ በል አያ ጅቦ! እዚህ የሚኖር በልቶ ዝም ያለ ነው።»

«እኔ ዝም ብዬ መብላት አልችልበትም!» አለና ሳቁን ለቀቀው። ይባስ ብሎ አጥንት ፍለጋ ወደ ሜዳው ወጣ። አባ ደርምስም በቀንዱ ተቀበለው።

«ጫካው ጸዳ!» ብሎ ሲፎክር እሜት ጅግራ እያለቀሰች መጣች።

«ምኑ ጸዳ ጌታዬ? እንቁላሎቼ ዛሬም ጎድለዋል። ጠላቴ እቤቴ ነው።»

የአባ ደርምስ ደም ፈላ። ቁጥቋጦው ደጅ ደርሶ ቀንዱን ዝቅ ሲያደርግ፣ ቀበሮዋ ከላባዋ ሥር ሆና፣ «ግባ እንጂ! እኔን እስክታገኝ አንድ እንቁላል አይተርፍህም» አለችው።

እግሩን እንዳነሣ ቀረ። ጉልበቱ የማይረባበት ቦታ ሲገጥመው የመጀመሪያው ነበርና አፈረ።

«እሜት ጅግራ፣ እኔ ለዚህ አልሆንም። ማን ይሁንልሽ?»

«ጃርት እዚሁ ከእኛ ጋር ይኑርልን። አረማመዱ ቀላል ነው፤ እሾኹም ከጀርባው አይወርድም።»

ሌላ ቀን ቢሆን በጃርት ወታደርነት ይስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ራሱ ሄዶ ለመነው።

ጃርት ከእንቁላሎቹ መሀል ሰፈረ። ቀበሮዋ አፏን በሰደደች ቁጥር አፍንጫዋን እሾኽ ይቀበለዋል። ወደ ሜዳ እንዳትወጣ አባ ደርምስ ደጁ ላይ ቆሟል። ነቅሎ ያወጣት ባይኖርም፣ እዚያው ቁጥቋጦ ሥር በቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ አይጥ እየለቀመች ከስታ ቀረች። ጫጩቶቹ ግን ተፈልፍለው በአባ ደርምስ እግሮች መሀል እየሮጡ ወጡ፤ እሱም የመጨረሻዋ እስክታልፍ ድረስ ንቅንቅ አላለም።

ከዚህ የምንማረው፣ አንዳንድ ቫይረስ የሰውነታችን መከላከያ እንዳይጎዳው በኃይል በማይዋጋበት፣ እንደ ዓይንና አንጎል ባለ ስስ ክፍል እንደሚሸሸግ ሁሉ፣ ብልጥ ጠላት የሚጠለለው ጉልበታችን አብሮ ሊሰብረው በሚችል የራሳችን ነገር መሀል ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ቤት የሚያድነው ትልቁ ጠባቂ ሳይሆን ቀስ ብሎ የሚረግጠው መሆኑን ነው።