የሊቀ አስማቱ ዝናብ

የንጉሡ አስማተኛ ሊቀ አስማት ደምሰው፣ የተሰጠው ግንብና የብር በትር አልበቃው ብሎ ቢትወደድ መባል አማረው። አንድ ቀን ሕዝቡ ለችሎት በተሰበሰበበት ንጉሡ ፊት ቀረበና፣ «ጃንሆይ፣ በዚህ አገር ያለ እኔ ፈቃድ አንዲት ጠብታ ወርዳ አታውቅም። ስለዚህ ሹመቱ ይገባኛል፤ በዝናቤ ከሚያርስ ገበሬ ሁሉ የምርቱ እኩሌታ ለእኔ ይሁን» አለ።

«ምስክር አለህ?» አሉት ንጉሡ።

ደምሰው ወደ ሕዝቡ ዞረ። ከኋላ ስታጉረመርም የሰማትን አንዲት ምላሰኛ ገበሬ በበትሩ ጠቆማት።

«እሷ ንጉሥ ይሙት ብላ ትመስክር። ዝናቡ የደምሰው አይደለም ካለች፣ ጃንሆይ ውሸታም ይቀልባሉ ማለቷ ነውና ምላሷ ይቆረጥ። የእሱ ነው ካለች ደግሞ ነገሩ አለቀ» አለ።

ሴትየዋ ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ፊት ወጣች።

«ንጉሥ ይሙት፣ እውነቱን ነው» አለች። «ያለ እሱ ፈቃድ ጠብታ አይወርድም።»

ደምሰው ደረቱን ነፋ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ጃንሆይ፣ ልዕልቲቱን የዳሩ ዕለት የሠርጉን ጠላ የጠመቅኩት እኔ ነኝ። በጥር፣ በዚያ በጠራ ሰማይ፣ በረዶው ድንገት ወርዶ ዳሱ እርስዎ ላይ ሲደረመስ፣ ዘውድዎን ከጭቃ ውስጥ በእጃችን ስንፈልግ እዚያው ነበርኩ። እኛ ሞኞቹ እስከ ዛሬ የእግዜር ሥራ መስሎን ዝም ብለን ነበር።»