ሰባቱ ሳቢሳዎች

አንዲት ሴት ሳሙና ትሠራ ነበር። ሐዋሳ ውስጥ፣ ከቤቷ ጀርባ ባለ የቆርቆሮ መጋዘን፣ ከአራት ሠራተኞች ጋር። ስብ ታቀልጣለች፣ ሶዳ ትለካለች፣ ታማስላለች፣ ትቆርጣለች፣ ትጠቀልላለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ነው።

መጠቅለያው ላይ ሳቢሳ አለች፤ ያቺ እግረ ረጅም ነጭ የሐይቅ ወፍ። ሰማያዊ መደብ ላይ በአንድ እግሯ ቆማ ወደ ግራ ታያለች። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ሱቅ ገብቶ «ያቺን ወፏን ስጠኝ» ይላል፤ ይሰጡታል። ወገኖቼ፣ ይህ ቀላል ነገር ይመስላችኋል? ሰው ሳይጠይቅ፣ አይቶ ብቻ እንዲያምናችሁ ስንት ዓመት ይፈጃል?

የሴትዮዋ ስም ድንቅነሽ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደንበኛዋ እትዬ በላይነሽ መጡ። እትዬ በላይነሽ በየቤቱ እየዞሩ ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩ ናቸው። ሰላምታ አልሰጡም። ከቦርሳቸው ሳሙና አውጥተው አስቀመጡና ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። መዳፋቸው ተልጧል።

«ይህን ሁሉ ዓመት አምኜሽ፣ እጄን ላጥሽው?»

ድንቅነሽ ሳሙናውን አንስታ አሸተተችው። ሶዳው ከልክ በላይ በዝቶ አፍንጫ ይቆነጥጣል።

«እትዬ፣ ይሄ የኔ ሳሙና አይደለም።»

«ወፏስ?»

«ወፏ የኔ ናት።»

«ወፏ ያንቺ ከሆነች ሳሙናው የማን ነው? ብቻዋን በርራ ሄዳ ነው የተለጠፈችው?»

ድንቅነሽ ሳሙናውን ይዛ ወደ ሱቆቹ ወጣች።

ስታጠያይቅ ነገሩ ወጣ። በሌላ ከተማ አቶ ምንይችል የሚባል ሰው በእሷ ወፍ ሳሙና እየሠራ ሐዋሳ ድረስ ይልካል። ባለሱቆቹ አንዱን ከአንዱ ሳይለዩ ነው የሚደረድሩት። እጃቸው የተላጠ ሴቶች ግን የሚረግሙት ድንቅነሽን ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ሱቆች «ለጊዜው ይቆይልን» አሏት። ይህ «ለጊዜው» ምን ማለት እንደሆነ ነጋዴዎች ታውቃላችሁ። እንዲህ ከቀጠለ መጋዘኑ መዘጋቱ ነው።

እሷ ግን አልደነገጠችም። ለምን ትደንግጥ? ግድግዳው ላይ ንግድ ፈቃድ አላት! በመስታወት ፍሬም የተቀመጠ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ በየዓመቱ የታደሰ። «ይሄ እያለ ማን ይነካናል?» ብላ ለሠራተኞቿ አሳየቻቸው። ከዚያ ከነፍሬሙ ነቀለችው፤ በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋው የአዲስ አበባ አውቶቡስ ውስጥ ገባች። አጠገቧ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አዘኑላት።

«የማን ፎቶ ነው ልጄ?»

«የንግድ ፈቃዴ ነው።»

ነፍስ ይማር ሊሉ አፋቸውን የከፈቱት ሰውዬ መልሰው ዘጉት።

ምልክት የሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ስትደርስ አንዲት ወጣት ባለሙያ ፍሬሙን ከፊትም ከኋላም አየችው።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ መነገድ ይችላሉ ነው የሚለው። ወፏ የእርስዎ ናት አይልም።»

«የኔ ካልሆነች የማን ናት? ሐዋሳ ሄደሽ ጠይቂ!»

«ሐዋሳ እንደሚያውቅዎት አልጠራጠርም። መዝገቡ ግን አያውቅዎትም። የንግድ ምልክት ለብቻው ነው የሚመዘገበው።» ባለሙያዋ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና ፊቷ ተለወጠ። «አንድ ሰው ግን ይቺኑ ወፍ በስሙ ለማስመዝገብ አመልክቷል። ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ ተብሎ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ቀነ ገደቡ ሊያልቅ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።»

«ካለቀስ?»

«ካለቀና ለእሱ ከተመዘገበ፣ በገዛ ወፍዎ ተከሳሽ ሊሆኑ ይችላሉ።»

ድንቅነሽ ተቀመጠች። ወንበር የሰጣት የለም፤ ያገኘችው ነገር ላይ ነው የተቀመጠችው።

«ምን ላምጣ ታዲያ?»

«ሁለት ነገር። ከሰውየው በፊት ሲጠቀሙባት እንደነበር የሚያሳይ፣ ቀን ያለበት ማስረጃ። ደግሞ ምልክቷን ራሷን፤ አንድ ቁርጥ ያለ ሥዕል። የትኛዋ እንደሆነች ይወስኑና ያምጡ።»

«የትኛዋ ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ወፍ ናት እኮ!»

አንድ ወፍ ናት። ወገኖቼ፣ እስኪ እንቁጠራት።

ቤቷ ስትመለስ ወፏ ያለችበትን ሁሉ ሰብስባ መጋዘኑ ወለል ላይ ደረደረችው። የመጀመሪያው መጠቅለያ ላይ በአንድ እግር፣ ወደ ግራ። ካርቶኑ ላይ ወደ ቀኝ፤ ማተሚያ ቤቱ ገልብጧት ማንም አላስተዋለም። ያለፈው ዓመት መጠቅለያ ላይ መደቡ አረንጓዴ ነው፤ ሰማያዊ ቀለም አልቆ ነበር። ደረሰኙ ላይ ጭንቅላቷ ብቻ አለ። የሠራተኞቹ ጋውን ላይ ጥልፍ ናት፤ ጥልፉ ወፍሮ ዶሮ አስመስሏታል። ለፋሲካ በወጣው ላይ አበባ ነክሳለች። በሩ ላይ ባለው ታፔላ ደግሞ ሁለት እግር አላት።

ታፔላውን የሣሉትን ጋሽ ላቀውን አስጠራቻቸው።

«ጋሽ ላቀው፣ ሁለተኛው እግር ከየት መጣ?»

«በአንድ እግሯ ቆማ ሳያት አሳዘነችኝ።»

«ወፏ እኮ እንዲህ ነው የምትቆመው!»

«እሱን አላውቅም። በአንድ እግር ዋጋ ሁለት ሣልኩልሽ፤ ምስጋናሽ ይሄ ነው?»

ሰባት ሳቢሳ። ድንቅነሽ ያን ዕቃ ሁሉ እያየች የምንይችልን ሳሙና አመጣችና ከጎኑ አስቀመጠችው። አንድ እግር፣ ወደ ግራ፣ ሰማያዊ መደብ። ካርቶኑም እንደዚያው። አንዲት ላባ እንኳ አላዛነፈም።

አያችሁ? አስመሳዩ ወፏን ከባለቤቷ ይልቅ በታማኝነት ጠብቋታል! እሷ «የኔ ናት፣ እንዳሻኝ ባደርጋት ማን ይጠይቀኛል» እያለች ዘጠኝ ዓመት በተነቻት። እሱ ሊወስዳት ስለፈለገ ጠንቅቆ አጠናት።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ትንሽ ሳቀች፤ ዶሮዋ ላይ ስትደርስ ነው የሳቀችው። ከዚያ ተነሣች። ካርቶኑን ቀደደች፣ ደረሰኙን ሰበሰበች፣ ታፔላውን አስወረደች። ጋሽ ላቀው አንዱን እግር በቀለም ሲሸፍኑ «እኔ የለሁበትም፣ እኔ የለሁበትም» እያሉ ነበር።

አሁን የቀረው ማስረጃው ነው። የዛሬ ስንት ዓመት የሳሙና ወረቀት ማን ያስቀምጣል?

እትዬ በላይነሽ ቤት ሄደች። የሄደችው ማስረጃ ፍለጋ አልነበረም፤ ይቅርታ ልትጠይቅ ነው። ሳሙናውን ባትሠራውም፣ ወፏን አይተው አምነው ነው የተላጡት። ጉዱን ሁሉ ዘርዝራ ነገረቻቸው። እትዬ በላይነሽ ሰምተው ሲጨርሱ ፋሻ በታሰረ እጃቸው የልብስ ሳጥናቸውን ከፈቱ። እናቶቻችን ልብሱ ሽታ እንዲኖረው ሳሙና ከነወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ይጥላሉ አይደል? ከታች አንድ የደበዘዘ መጠቅለያ ወጣ፤ ወፏ በአንድ እግሯ፣ ወደ ግራ። ከጀርባው በእስክሪብቶ «ለኩፍኝ ክትባት ጥር 14 ይምጡ» ይላል፤ ከነዓመተ ምሕረቱ፣ ከነጤና ጣቢያው ማኅተም።

«ያን ቀን ካርድ አልቆባቸው ነው። ከቦርሳዬ ያገኘሁትን ወረቀት ሰጠኋቸው» አሉ። «የተከተበችው የልጅ ልጄ ናት። አሁን ሦስተኛ ክፍል ገብታለች።»

ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ድንቅነሽ ተቃውሞዋን አስገባች። ጉዳዩ በሚሰማበት ቀን አቶ ምንይችልም ክራቫት አስሮ መጣ። እሱም ዝም ብሎ አልመጣም፤ ፎቶ ይዟል።

«ይኸው የሴትዮዋ ታፔላ፤ ሁለት እግር። ይኸው ካርቶኗ፤ ወደ ቀኝ። ይቺ ደግሞ ዶሮ ናት። ወፏ የኔ ናት ካለች፣ የእሷ የትኛዋ ናት?»

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። ክፉ ሰው ጠየቀው ተብሎ አይናቅም።

ድንቅነሽ ተነሣች። «ያሳያችሁ ሁሉ እውነት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ስድስቱን እያጠፋኋቸው ነው። የኔ ይቺ ናት፤ መጀመሪያ የነበረችው።» የክትባቱን ወረቀት አስቀመጠች። «እሱ ያመለከተው ዘንድሮ ነው። ይቺ ያኔ የተከተበች ልጅ ዘንድሮ ማመልከቻውን ራሷ ማንበብ ትችላለች።»

የምንይችል ማመልከቻ ውድቅ ሆነ። የእሷ ወፍ ተመዘገበች፤ ወራት ፈጀ፣ ግን ተመዘገበች። ሱቆቹም አንድ በአንድ ተመለሱ። አቶ ምንይችልስ? አሁን በራሱ ስም ይሠራል። መጠቅለያው ላይ ያደረገው የገዛ ፎቶውን ነው። ፊቱን ከለጠፈበት ወዲህ ሶዳውን ቀንሷል ይባላል። እግዚአብሔር ሰውን የሚያስተምርበት መንገድ ብዙ ነው።

እናንተስ?

እናንተም ምልክት ተሸክማችኋል። የተጠመቃችሁበት ስም አለ። ራሳችሁ አልሣላችሁትም፤ ተሰጣችሁ። ሰዎች ያንን አይተው ቤታቸውን ይከፍቱላችኋል፣ ልጃቸውን አምነው ይሰጧችኋል። ታዲያ እሁድ እዚህ የምትታዩት ሰኞ ሚዛኑ ኋላ ስትቆሙ ወዴት ትዞራላችሁ? አለቃችሁ ፊት መልካችሁ ምንድን ነው? የቤት ሠራተኛችሁን ስታናግሩስ? በዓል ሲሆን አበባ የምትነክሱ የላችሁም?

«በስማችን ሐሰተኞች እየነገዱ ነው» እንላለን። እውነት ነው፣ እየነገዱ ነው። ግን አቤት ብለን በቀረብን ቀን «የእናንተ የትኛዋ ናት?» ብንባል ምን እንመልሳለን? ሐሰተኛው እኛን ሲያስመስል አማኝ ምን መምሰል እንዳለበት አሳምሮ ያውቃል። እኛ ነን የረሳነው።

አትደንግጡ። ወገኖቼ፣ ቀነ ገደቡ አላለፈም። የመጀመሪያዋ አልጠፋችም። አዲስ ሣሉ አልተባላችሁም፤ የጨመራችሁትን አውርዱ ነው የተባላችሁት። «ጥፋቱ የኔ ነው» ያለችው ሴት አልተሸነፈችም እኮ! ያን ካለች በኋላ ነው የሰሟት።

እዚህ መካከል ሱቅና ፋብሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ ምልክታችሁን ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ይህ የስብከቱ ክፍል አይደለም፤ ግን አትርሱት።

ነገ ሰኞ ነው። ከአፋችሁ ቃል ሳይወጣ የሚያያችሁ ሰው አለ። ዛሬ እዚህ ያየናችሁን ይየው።