አጎንብሰው ሲነሡ

ወገኖቼ፣ አንድ በረኛ ነበረ።

አዎ፣ የኳስ በረኛ። ማታ ጨዋታ ሲያዩ አምሽተው አሁን እዚህ የሚያንቀላፉ አሉ፤ ስም አልጠራም። እናንተም ጎረቤታችሁን አትዩ። ይልቅ ስሙኝ።

ይህ ሰው የሚጫወተው ጃፓን አገር፣ በአንዲት የወደብ ከተማ ቡድን ውስጥ ነው። ቡድኑ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነው። ታላላቆቹ ያሉት ከላይ፣ አንደኛው ዲቪዚዮን ውስጥ ነው፤ በረኛው ዕድሜውን የጨረሰው ወደዚያ ሲያንጋጥጥ ነው። ጸጉሩ ሸበተ፣ ጉልበቱ ታመመ፣ አንድ ቀን እንኳ እዚያ አልተሰለፈም። «ዘንድሮ ካላለፍን ጫማዬን እሰቅላለሁ» አለ። ሽማግሌ አባቱም በዝናብ በብርዱ ስታዲየም እየመጡ ያችን ቀን ይጠብቃሉ።

ያ ዓመት ደግሞ የጉድ ዓመት ነበር። መጀመሪያ ላይ ተሸንፈው፣ ተሸንፈው ከግርጌ ነበሩ። ከዚያ ምን እንደነካቸው አይታወቅም፣ ማሸነፍ ጀመሩ። ወጡ፣ ወጡ፣ የመጨረሻው ጨዋታ ሲደርስ ሁለተኛ ሆኑ። ሁለተኛ የወጣ ያልፋል። ከሥራቸው ግን በአንድ ነጥብ ብቻ የሚከተላቸው ቡድን አለ፤ እርሱም በዚያው ሰዓት ሌላ ከተማ ይጫወታል።

ልብ በሉ። የእኛ ሰዎች ካሸነፉ አለቀ፤ ማንም አይነካቸውም። አቻ ከወጡ ግን የሚያልፉት ያኛው ቡድን ካላሸነፈ ብቻ ነው።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንድ ለአንድ ናቸው። ከተቀያሪዎች ወንበር ወሬ መጣ። «እነዚያም አቻ ናቸው!» ደጋፊው አጨበጨበ። አሠልጣኙ መዳፉን ወደ መሬት አደረገ፤ ተረጋጉ፣ ኳሷን ያዙ ማለቱ ነው። እነዚህ ደግሞ አሠልጣኛቸው ያለውን በአንድ ልብ የሚፈጽሙ ሰዎች ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ያሸነፉትም በዚህ ነው። ተከላካዩ ለበረኛው ሰጠ። በረኛው ለተከላካዩ መለሰ። ተከላካዩ እንደገና ለበረኛው። ተጋጣሚዎቻቸውም የሚያገኙትም የሚያጡትም ነገር ስለሌለ ቆመው ያያሉ።

አጥቂው ኦሪቤ ግን መሐል ሜዳው ጋ ብቻውን ቆሟል። አጠገቡ ሰው የለም፤ ፊቱ ያለው ሜዳ ባዶ ነው። ሁለት እጁን አንሥቶ «ላክልኝ! ላክልኝ!» ይላል።

በረኛው አየው። አየውና ለተከላካዩ ሰጠ።

ፊሽካው ተነፋ። አቻ! ተቃቀፉ፣ አለቀሱ።

በዚያ አገር አንድ ልማድ አለ። ጨዋታ ሲያልቅ ተጫዋቾቹ ደጋፊው ፊት ይሰለፉና ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ያመሰግናሉ፤ ቢያሸንፉም፣ ቢሸነፉም። ደስ የሚል ልማድ ነው። እነዚህም እጅ ለእጅ ተያይዘው ተሰለፉ። ሕዝቡ ይዘምራል። አጎነበሱ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። በዚያኛው ሜዳ ጨዋታው አላለቀም ነበር! አንድ ተጫዋች ተጎድቶ ሰዓት ስለባከነ ዳኛው ጨምሮ ነበር። በረኛው ገና እንዳጎነበሰ ዝማሬው ቆመ። ቀስ እያለ አይደለም፤ ቁርጥ አለ። ቀና ሲሉ ያ ሁሉ ሕዝብ አፉን ይዟል። አንዲት ሴት ስልኳን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። እነዚያ በመጨረሻው ደቂቃ አግብተው አሸንፈዋል።

ሲያጎነብሱ አላፊ ነበሩ፤ ሲነሡ ቀሪ ሆኑ! ወገኖቼ፣ ይህን የሰማሁ ቀን ክው አልሁ። የሰደባቸው የለም፣ ጠርሙስ የወረወረ የለም። ቢሰድቧቸው ይሻላቸው ነበር። በኋላ በማጣሪያ ሌላ ዕድል አግኝተው ነበር፤ ግን ልባቸው ተሰብሮ ስለነበር አልሆነም።

ያን ዕለት አባትየው ወደ አጥሩ ተጠጉ።

«ልጄ፣ ኦሪቤ ብቻውን ቆሞ ነበር። አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ፣ አባባ።»

«ታዲያ ምነው አልላክህለትም?»

«እነዚያም አቻ ናቸው ሲሉን ጊዜ...»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «እነዚያ? አንተ ከማን ጋር ነበር የምትጫወተው?»

ወገኖቼ፣ እስኪ እናንተ መልሱለት። ዝም አትበሉኝ! እናንተስ ከማን ጋር ነው የምትጫወቱት? «እገሌም እኮ ጸሎት ትቷል» ብሎ የተወ የለም? «እኔ ከእርሷ እሻላለሁ» ብሎ ተዝናንቶ የሚተኛ የለም? የእገሌን ውጤት እያያችሁ ነፍሳችሁን አቻ ላይ አስቀመጣችኋት። የእገሌ ነገር ዛሬ ማታ ሊለወጥ ይችላል፤ ንስሐ ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ በምን ትመካላችሁ?

እዚሁ ቤት ውስጥ አባታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ያልተነጋገሩ ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ስም አልጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። ታላቅየውን ሄጄ ለመንሁት። «እርሱም እኮ አልመጣም» አለኝ። ታናሽየውን ለመንሁት። «እርሱም እኮ አልመጣም» አለኝ። ይኸው አቻ ናችሁ፤ ደስ ይበላችሁ!

ትናንት እናታችሁን ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። አልጋ ይዘዋል፤ በጣም ደክመዋል። እጄን ያዙና «አባቴ፣ እኔን ማን ይቀብረኛል? አንዱ ካለ ሌላው አይመጣም» አሉኝ።

ደነገጥሁ። ብዙ ዓመት ሰብኬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ተጠይቄ አላውቅም። መልሱ ያለው እናንተ ዘንድ ነው። መዝሙሩን አትጠብቁ፤ አሁኑኑ ተነሡና አብራችሁ ሂዱ። ስብከቱን እኛ እንጨርሰዋለን።